ታቦቱ በተቆለፈበት ሰማንያኛ ቀን

ከአገር የወጣሁ ለታ ማታ የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ገብርኤል ከሻንጣዬ በፊት ሆዴን ባረኩት። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። «አደራ፣ ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነሺ» አሉኝ። እናቴም አጠገቤ ቆማ ሰማች፤ የሷ መስማት ነው በኋላ ጉድ ያፈላብኝ።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የገባሁት በየካቲት ነው፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያስመሰግን ብርድ ተቀበለኝ። ወዲያው ኮቪድ መጣ፣ ሁሉም ተዘጋ፣ እኔም በሰኔ ሴት ልጅ ወለድኩ። ሴት የወለደች እስከ ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እኔ ቀኔን ቆጥሬ ልጨርስ ስል ቤተ ክርስቲያናችን በአዲስ ቁልፍ ተከርችሞ ጠበቀኝ። በሽታው እንዳይመስላችሁ፤ ቦርዱና ቄሱ ተጣልተው ፍርድ ቤት ተካሰው ነው።

የቦርዱ ሊቀ መንበር ጋሼ ንጉሤ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ሰማንያ ቀኗ ነው።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ። ግን ኮርቱ ሳይወስን በሩን ኦፕን እንዳታደርጉ ብሎናል ሎየሩ። ቤቱ በኛ ስም ነው የተመዘገበው።»

«ታቦቱስ?»

«ውስጥ ነው። አታስቢ፣ ሴፍ ነው፤ ካሜራ አስገጥመናል።»

ከተማው ዳር፣ ካናል ዊንቸስተር ከምሠራበት መጋዘን ስወጣ በቀጥታ ወደ ቄሱ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ለደጋፊዎቻቸው ስለ ኃጢአት እየሰበኩ ነበር። የሥራ ሱሪዬን ሲያዩ የዘመኑ ጥፋት ሁሉ ከሴት ሱሪ እንደመጣ አስረዱ፤ ቀጥሎ የጥፍር ቀለም ሆነ። ታቦት ላይ ስለቆለፈ ሰው ግን ትንፍሽ አላሉም፤ ለካ የሳቸውም ጠበቃ ከልክሏቸዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

«አባ፣ ልጄን ያጥምቁልኝ» አልኳቸው።

«ክርስትና እናቷ ማን ናት?»

«ጎረቤቴ፣ እትዬ አልማዝ።»

«እሷ የቦርዱ ወገን ናት። ሌላ ፈልጊ።»

«የሰማንያ ቀን ልጅ ምን ወገን አላት፣ አባ?»

«መጀመሪያ እዚህ የደጋፊዎቻችን ሊስት ላይ ፈርሚ፤ ከዚያ እናያለን።»

አልፈረምኩም። ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ነጭ አልብሼ የተቆለፈው በር ፊት ቆምኩ። የጋሼ ንጉሤ ካሜራ ቀይ መብራቱን አበራብን፤ ከዚያ በቀር ያየን የለም። ተናድጄ አለቀስኩ፤ አልቅሼም ወደ ቤት ነዳሁ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች። «ክርስትና ተነሣች?»

«አዎ፣ እማ።»

«ማን ተባለች?»

«ወለተ ማርያም» አልኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። እናቴ ስልኩ ውስጥ እልል አለች።

ይኸው ሁለት ዓመት። ክሱ አላለቀም፤ ሌላ ደብር እንዳልወስዳት እዚያም «የማን ወገን ነሽ?» ነው፤ ልጄም አልተጠመቀች። እናቴ በዚያ ስም በየቅዳሴው ታስጠራታለች፤ እኛ ቤት ግን ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። እውነቱን ልናገር እያልኩ ስንቴ ስልክ አንስቻለሁ፤ እልልታዋ ትዝ ሲለኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ግን ደውላ «ዛሬስ ራሷን አቅርቢልኝ» አለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ለልጄ ያዝኩላት።

«ወለተ ማርያም፣ የኔ እናት፣ ደህና ነሽ?»

ልጄ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች።

«ማሚ፣ ሁ ኢዝ ዛት?»