ዶክተሩ በድምፅ ብልጫ የሞተበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ፣ አምቦ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለውን የምንወስነው እጅ አውጥተን ነበር። ሰውየው እርግጥ የእውነት ሰው አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዲሽ የሚመጣ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ያለ ሽማግሌ ዶክተር ነው። የፊልሙን መጀመሪያ ያየ ሰው በሰፈራችን አልነበረም፤ መጨረሻውም ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ምድራቸው ደርቃባቸው በጠፈር መርከብ ሌላ ምድር ፍለጋ የሚንከራተቱ ሰዎች ታሪክ ነበር። ስማቸው ለአፋችን ስለማይመች በሥራቸው እንጠራቸዋለን፤ ካፒቴኗ፣ መካኒኩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ዶክተሩ።

አምስት ነበርን፤ ሁላችንም የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች። ዲሹ ያለው እነሌንሳ ቤት ስለሆነ ሌንሳ ሰብሳቢ ናት። አብዲ የአጎቷ ልጅ ነው፤ ሥራው ምስሉ ሲቆራረጥ ግቢ ወጥቶ ዲሹን ማዞር ነው። "መጣ?" ይላል ከውጭ፤ "መጣ... ኧረ ሄደ!" እንላለን ከውስጥ። ሚኪያስ የባለሱቁ ልጅ ነው። ኪሱን ቆሎ ሞልቶ ስለሚመጣ ማንም ከመሃላችን ሊያስወጣው አይደፍርም። ቦንቱ ጎረቤቴ ናት፤ እናቷ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበሩ። እኔ ሀዊ ደግሞ ጸሐፊ ነበርኩ።

ጸሐፊ ስል ለወጉ አይደለም። እንግሊዝኛው ከአሥር ቃል ሁለቱ ቢገባን ነው። አንዱ "ካፒቴኗ ተቆጣች" ሲል ሌላው "የለም፣ አመማት እንጂ" ይላል፤ ፊልሙ አልቆ ጭቅጭቁ አያልቅም። የሌንሳ አባት ኦቦ ፈቃዱ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ስብሰባ ላይ የጨረሱ ሰው። አንድ ቅዳሜ ጩኸታችን እንቅልፍ ቢነሳቸው ከመኝታ ቤት ወጡና ጀርባው ያልተጻፈበት የቢሮ ወረቀት እቅፍ ሙሉ ሰጡን። አጀንዳ ያዙ፣ ተወያዩ፣ ድምፅ ስጡ፣ ቃለ ጉባኤ ጻፉና ተፈራረሙ፤ ከዚያ ወዲያ ያለቀ ነው፣ ድጋሚ ጩኸት እንዳልሰማ አሉን። ከሚኪያስ በቀር ሁላችንም የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ነንና ነገሩ ወዲያው ገባን። እናቴ ማዘጋጃ ቤት ታይፒስት ስለነበረች አጻጻፉን እኔ ከሁሉም የተሻለ አውቀው ነበር።

አንዱን እንደማስታውሰው ልጻፈው። "አጀንዳ አንድ፦ መካኒኩ ካፒቴኗን ይወዳታል ወይስ አይወዳትም። ውሳኔ፦ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ይወዳታል።" ድምፀ ተአቅቦው ሚኪያስ ነው፤ አፉ በቆሎ ተሞልቶ መናገር አቅቶት። አንዴ ከተወሰነና ከተፈረመ በኋላ መለወጥ የሚባል ነገር የለም። ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ዲሽ የሌላቸው ልጆች ይከቡንና "እሺ፣ ምን ሆነ?" ይሉናል። ያኔ የምንነግራቸው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። በዚያች በዕረፍት ሰዓት እንዴት እንደምንከበር ዛሬ ለማስረዳት ይከብደኛል። በሂሳብ ከክፍሉ የመጨረሻ የሆነው አብዲ እንኳ ሰኞ ሰኞ ሰው ይሆን ነበር።

ያ ቅዳሜ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የዋለበት ነበር። ሳሎኑ እርጥብ ሹራብና የተቀቀለ ድንች ይሸታል። አዴ ወርቅነሽ፣ የሌንሳ እናት፣ ድንቹን ከሚጥሚጣ ጋር ትሪ ላይ አቅርበውልናል። ዶክተሩ መርከቧ ውስጥ የገባውን በሽታ ሲያክም ራሱ ተይዞ ነበር። እንደ ሣጥን ያለ መስታወት ውስጥ አስተኙት፤ ካፒቴኗ እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ያ የሚያስለቅስ ሙዚቃ መጣ። ሌንሳ ድምፅ አውጥታ ተንሰቀሰቀች። አዴ ወርቅነሽ ማን ሞተብን ብለው ከጓዳ እየሮጡ መጡ፤ የሞተውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ተመለሱ። ሌንሳ ግን የእናቷን ነጠላ ከወንበር ላይ አንስታ ዘቅዝቃ ለበሰች። አብዲ ሳቅ ሲያመልጠው ቆነጠጠችው።

ልክ ሊያልቅ ሲል፣ በመስታወቱ በውስጥ በኩል፣ አውራ ጣት የምታህል ጉም ታየችና ጠፋች። ትንፋሽ ነው። እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ የማስታውሰው እንዲህ ነበር፦ ቦንቱ አየችው፣ እኔም አየሁት፤ እሷ ተናገረች፣ እኔ ዝም አልኩ።

ስብሰባው በረንዳ ላይ ተጀመረ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው። ሌንሳ ነጠላውን እንደዘቀዘቀች "ዶክተሩ ሞቷል፤ አስተያየት ያለው?" አለች። ቦንቱ ተነሳች። "ሂን ዱኔ" አለች መጀመሪያ፤ ስትናደድ ኦሮምኛው ነው የሚቀድማት። "አልሞተም። መስታወቱ ላይ ትንፋሽ ነበር። የሞተ ሰው አይተነፍስም።" እውነቷን ነው፤ ግን ለቅሶ ከተደረሰ በኋላ ሟቹ በሕይወት አለ ማለት ለአልቃሿ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሌንሳ ፊቷ ቀላ። "እናትሽ ነርስ ስለሆኑ ነው? እኔ ታዲያ ለቀልድ ነው ያለቀስኩት?" አለቻት። ከዚያ ወደ ሁላችን ዞራ፣ ትንፋሽ ያየ ሌላ ሰው ካለ ይናገር አለች።

ቦንቱ ወደ እኔ አየች። እኔ እየጻፍኩ ነበር። የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ የተሰብሳቢዎቹን ስም ደግሜ እጽፍ ነበር። ከሌንሳ ጋር ከተጣላሁ እዚያ ቤት አልገባም፤ እዚያ ቤት ካልገባሁ ሰኞ ከሚጠይቁት እንጂ ከሚጠየቁት አልሆንም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

"ሞቷል የምትሉ እጅ አውጡ" አለች ሌንሳ። የራሷን አወጣች፤ አብዲ አወጣ፤ ሚኪያስ አወጣ። እኔም ቆይቼ አወጣሁ። አራት ለአንድ። በአብላጫ ድምፅ ሞቷል ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱ ለፊርማ ዞረ። ሕጉ የተቃወመም ይፈርማል ነው። ቦንቱ ግን እስክሪብቶውን ሳትነካው "በቁሙ ሰው አልቀብርም" አለች። ሌንሳም ያልፈረመ አባል አይደለም አለችና ስብሰባው ተጠናቀቀ። ቦንቱ ጫማዋን አድርጋ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ሁልጊዜ ወደ ቤት አብረን ነበር የምንሄደው፤ ጃንጥላውም የሷ ነው። እኔ በስብሼ ገባሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተሩ ዓይኑን ገለጠ። መስታወቱ ተከፈተ፣ ሽማግሌው ተነስቶ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠየቀ። አብዲ "ውይ" ብቻ አለ። ለቦንቱ ሰው እንልካለን ብዬ ጠብቄ ነበር። ሌንሳ ግን እንደ አባቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ አጀንዳ አስያዘች፦ ይህ የተነሳው ሰውዬ ማን ነው? ረጅም ውይይት ተደረገ። አብዲ መንታ ወንድሙ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሚኪያስ ደገፈው። ያለፈው ውሳኔ ተፈርሞበታል፤ አይሻርም፤ ስለዚህ መንታ መሆኑ ግድ ነው። በአንድ ድምፅ አጸደቅነው። እኔም ባማረ ፊደል ጻፍኩት። ሰኞ ያንኑ ስናወራ አንድም ልጅ አልተጠራጠረንም።

ዶክተሩ በተነሳበት በዚያ ቅዳሜ፣ ሳይመሽ፣ እነቦንቱ በር ድረስ ሄጃለሁ። እናቷ ልብስ ከገመድ እያወረዱ ነበር። "ሀዊ፣ ግቢ እንጂ" አሉኝ። ቦንቱ ብቅ ስትል የሳይንስ ደብተር አውሺኝ አልኳት፤ የራሴ ደብተር ምንም አልጎደለውም ነበር። ሰጠችኝ። ስለ ዶክተሩ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። ትምህርት ሲዘጋ እናቷ ጉደር ተዛወሩና ሄዱ። ጉደር እኮ ሩቅ አገር አይደለም፤ ሚኒባስ ተሳፍረህ ወሬ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። አሥር ዓመት ሙሉ ግን አንድ ቀን አልሄድኩም።

አሁን እዚሁ አምቦ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ፊልሙን ዛሬም እከታተላለሁ፤ ቅዳሜን መጠበቅ ቀርቶ በስልክ ነው የማየው። የተመልካቾቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥም አለሁ። ባለፈው ክፍል ዶክተሩ የምሩን ሞተ፤ ተዋናዩም አርጅቷል። ቡድኑ ለሦስት ቀን በጭቅጭቅ ተተራመሰ። አንዱ ደረቱ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ ብሎ ቪዲዮውን ቆርጦ ለጠፈ፤ ሌላው በዝግታ አጫውቶ ውሸት መሆኑን አሳየ። እኔ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ቅዳሜ ጠዋት ጉደር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ቦንቱ እዚያ መድኃኒት ቤት እንደምትሠራ ከእናቴ ሰምቻለሁ። ስገባ ነጭ ጋውን ለብሳ እንክብል እየቆጠረች ነበር። ወዲያው ለየችኝ። "ሀዊ! አካም ጅርታ?" ብላ ከባንኮኒው ወጥታ ሳመችኝ። እኔ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ "ዶክተሩ ሞተ" አልኳት። ደንግጣ የትኛው ዶክተር አለች፤ ለካ መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዲህ አይባልም። የመርከቧ ስላት ሳቀች።

"ቆይ፣ ያኔ አልሞተም ነበር ማለት ነው?" አለችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ ፊልሙን አንድ ቀን እንኳ አይታው አታውቅም፤ ሰኞ ሰኞ ከሚከቡን ልጆች መሃልም ቆማ አታውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ተነሳ፣ እኛም መንታ ወንድሙ ነው ብለን ወሰንን አልኳት። በሳቅ ፍርስ ብላ ባንኮኒው ላይ ተደፋች። ሳቋ አበረታኝና ለአሥር ዓመት ያዘልኩትን አወረድኩት። "ቦንቱ፣ ያን ቀን ጉሙን እኔም አይቼው ነበር" አልኳት።

ሳቋን ተወች። አልተቆጣችም፤ ግራ የገባት መሰለች እንጂ። "እኔም ስትይ?" አለች። "እኔ መቼ አየሁት? እያለቀስኩ አልነበር እንዴ? ጎኔን ጎሸም አድርገሽ 'መስታወቱን እዪ፣ ይተነፍሳል' ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ካልሽ ብዬ ነው የተናገርኩት።"

ታዲያ ለምን ያየችው ሀዊ ናት አላልሽም አልኳት።

"አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ" አለች፤ "ከዚያ እጅሽን አወጣሽ።"

የሐኪም ማዘዣ የያዙ አባት ገቡና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጨርሳ ሻይ ጋበዘችኝ፤ ስለ እናቷ ጉልበት፣ ስለ እኔ እናት ጡረታ አወራን። ስንለያይ ደግማ ሳመችኝ። ወደ አምቦ ስመለስ አፍሬ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ እያልኩ ራሴን ስወቅስ የኖርኩት፣ ለካ ጥፋቴን አሳንሼ ነው የያዝኩት።

ዛሬ ቡድኑ ውስጥ ማንም በማንም ቃል አያምንም። ሁሉም ማስረጃውን ቆርጦ ያመጣል፣ አቁሞ ያሳያል፣ የተሳሳተም ጽሑፉን አጥፍቶ ይሄዳል። ደግ ነው፤ በእጅ ብልጫ የሚቀበር ሰው የለም። ያኔ ግን፣ እኔ አየሁ ስላልኩ ብቻ፣ ራሷ ያላየችውን ነገር ይዛ ዝናብ ውስጥ የወጣች ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያመነኝ ሰው አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝም ምን እንደማደርገው እንጃ።