የሐይቁ ልጅና ጓደኛዬ

መጽሐፉን ያገኘሁት ሞጣ ገበያ ዳር፣ አሮጌ መጻሕፍት ሸራ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ነው። ከሒሳብ መለማመጃዎችና ከትዳር ምክር መጻሕፍት ሥር ተጨፍልቆ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያችው የገረጣች ልጅ ሐይቅ ዳር ቆማለች፤ ከኋላዋ የወንድ ጥላ አለ። ገልጬ ሳሸተው የሙጫና የእርጥበት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ሸራው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሻጩ "መምህርት፣ አመመዎት እንዴ?" ብሎ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ፀሐዩ ነው" አልኩት። ፀሐይ አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ስንማር እኔና ጓደኛዬ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም የገጠር ልጆች ስለሆንን ስንቃችን በገበያ ቀን ከቤት ይመጣልናል። የእኔን ጎረቤት ያደርስልኛል፤ የእሷን ግን እናቷ ራሳቸው ተሸክመው ይመጡ ነበር። ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ሽሮውንና በሶውን አውርደው ገና ወገባቸውን ሳያሳርፉ "ነይ ወዲህ" ብለው ጸጉሯን ፈትተው እንደገና ይሠሯት ጀመር።

መጽሐፉን ያዋሰን የባዮሎጂ መምህራችን ነው። ከሩቅ ተመድቦ የመጣ፣ ቢቸና ላይ ከሥራ ውጭ ምን እንደሚደረግ ግራ የገባው ሰው ነበር። አንድ ካርቶን ሙሉ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዞ መጥቷል፤ ሁሉም ስለ መናፍስት፣ ደም ስለሚጠጡ መልከ መልካም ጎረምሶችና እነሱን ስለሚያፈቅሩ ተማሪዎች ነው። "እንግሊዝኛችሁን ያሻሽልላችኋል" አለን። ከሁሉ የወደድነው ይኼኛውን ነበር። እኔ በመዝገበ ቃላት እየተንደፋደፍኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሷ እግሯን አጣጥፋ ታዳምጣለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በረዶ በማይለየው አገር አንድ ወጣት ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ይሞታል። መንፈሱ ብርዱን አልችል ብሎ ይንከራተትና አንዲት ተማሪ ገላ ውስጥ ገብቶ ይሞቃል። በአፏ ይናገራል፤ እሷም ታፈቅረዋለች። ሰው ውስጥ መንፈስ መግባቱ ለእኛ ብርቅ አልነበረም፤ የገረመን የልጅቷ ማፍቀር ነው። "እኛ ዘንድ ብትሆን ጠበል ይወስዷት ነበር" አለች ጓደኛዬ፤ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

የሐይቁን ልጅ ንግግር የምትደግመው እሷ ነበረች። ድምፅዋን አወፍራ ከደረቷ ስታወጣው የእውነት ወንድ ይመስላል። አንድ ምሽት አከራያችን ግድግዳውን ደብድበው "እናንተ ልጆች፣ ወንድ አስገባችሁ እንዴ?" አሉን። አፋችንን በጋቢ አፍነን ተንፈራፈርን።

ሕመሟንም የማውቀው እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠዋት ማበጠሪያውን እንደያዘች ወድቃ ተንቀጠቀጠች፤ አፏ አረፋ ደፈቀ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ትናንሽ ነጭ ኪኒኖች ሰጥታ "የሚጥል በሽታ ነው። አንድም ቀን እንዳታቋርጪ፤ በድንገት ማቆም ካለመጀመር ይብሳል" አለቻት። እናቷም ሰሙ፤ አዝነው ተቀበሉ። ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ ሕመሙ ጨርሶ አልተመለሰባትም ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ያን ዓመት እስከ ቅዳሴ መውጫ ልትጾም ቆርጣለች፤ "ኪኒን ብውጥ ጾሜን እገድፋለሁ" ብላ የጠዋቱን ወደ ማታ አዛወረችው። ማታ ደግሞ አንዳንዴ ትረሳዋለች። ካህኑን ብትጠይቃቸው መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ይሏት ነበር። አልጠየቀቻቸውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ሕዝብ መሐል ወደቀች።

እናቷ በማግሥቱ ጠበል ወሰዷት። የደብሩ ቄስ "ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ኪኒኑንም ትዋጥ፤ መድኃኒትም የእግዚአብሔር ነው" ብለዋቸው ነበር። ጠበሉ ዘንድ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ድምፀ ትልቅ አጥማቂ ነበር፤ "ከመስቀልና ከኪኒን አንዱን ምረጡ" አላቸው። እናቷ ኪኒኑን መስጠት አቆሙ። ግን አልጣሉትም፤ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ልባቸው ለሁለት ተከፍሎ እንደነበር ያ ቋጠሮ ይመሰክራል።

ቅዳሜ ሽምብራ ቆሎና መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ፤ ከጠበልተኞቹ ማደሪያ ተቀምጬ አነብላታለሁ ብዬ ነበር። ስደርስ ጠዋት ነው፤ ጭጋጉ ገና ከሸለቆው አልተነሣም። እርጥብ ልብስና የተረገጠ ሣር ይሸታል፤ ከታች ጩኸት ይሰማል። ጓደኛዬ ከሚጠመቁት መሐል ቆማለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

"ማን ነህ? ከየት ያዝካት? ተናገር!" ይላል አጥማቂው።

እሷ ዝም። ከመጣች ጀምሮ ዝም ብላለች አሉኝ። ዝም ያለ ሰው ደግሞ "ዲዳ መንፈስ ነው" ተብሎ ውኃው ውስጥ ይቆያል፤ በመቁጠሪያ ይመታል። የጮኸና የለፈለፈ ነው የሚወጣው። ቀና ስትል አየችኝ። ከዚያ ድምፅዋን አወፈረች።

"ከሐይቁ ነው የመጣሁት። በረደኝ። የእሷ ገላ ሞቃት ነበር፤ ገባሁ።"

ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ግን ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ቃሉ የእኔ ትርጉም ነው፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ብልሃቷ ገባኝ። እነሱ የሚፈልጉትን ሰጥታ ከዚያ ብርድ ልትወጣ ነው።

"ትለቃለህ?" አለ አጥማቂው።

"እለቃለሁ።"

"በምን ትለቃለህ?"

በዚያው ወፍራም ድምፅ፣ "ኪኒኗን ስጧት። ኪኒኗን ስጧትና እሄዳለሁ" አለች።

አጥማቂው ሳቀ። "ሰማችሁ? ቀለቡን ጠየቀ። እስከ ዛሬ የኖረባት በኪኒኑ ነው" አለ። እናቷ የነጠላቸውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱና ኪኒኑን ወራጁ ውኃ ውስጥ በተኑት። ጓደኛዬ በራሷ ቀጭን ድምፅ "እማ" አለች።

እናቷን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ነገርኳቸው። "እማማ፣ መንፈስ አይደለም። ራሷ ናት የተናገረችው። ቃሉን ከዚህ መጽሐፍ ነው ያገኘችው" አልኳቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ሽፋኑን ብቻ ትኩር ብለው አዩት። ሐይቁን አዩ፤ ከልጅቷ ኋላ የቆመውን ጥላ አዩ።

"እንግዲያው የገባባት በዚህ ነዋ" አሉ። አልተቆጡኝም። ጉንጬን ዳብሰው "አንቺም ተጠመቂ ልጄ፤ አንቺንም እንዳይዝሽ" አሉኝና መጽሐፉን ለአጥማቂው ሰጡት። እዚያው አቃጠሉት። የእውነት መናገር ጉዳት ያኔ ገባኝ፤ እስከ ዛሬም ሙሉ ለሙሉ አልወጣልኝም።

ወደ ቢቸና ሮጥኩ። ነርሷ ሰኞ ኪኒን ይዛ አብራን ልትሄድ ተስማማች፤ መምህራችንም እመጣለሁ አለ። ሰኞ ልንነሣ ስንል አስከሬኗ በቃሬዛ መጣ። መንቀጥቀጡ ጎሕ ሲቀድ ጀምሯት አልለቅ እንዳላት ነገሩን። እናቷ ከነልብሳቸው ውኃው ውስጥ ገብተው የጠጠሩን ሥር በእጃቸው ሲዳብሱ፣ ሰዎች ናቸው ጎትተው ያወጧቸው። ምን እንደሚፈልጉ እኔ አወቅሁ፤ ሌላው ሐዘኑ አእምሯቸውን የነካው መስሎት ነበር።

ይኸው ዛሬ እኔ ሞጣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እናቷን በየዓመቱ እጠይቃቸዋለሁ፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ቢቸና ከእህታቸው ልጅ ዘንድ ነው የሚኖሩት። በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቁኛል። "የመጽሐፍ ቃል ነው ስትይኝ አልሰማሁሽም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን የመጽሐፍ ከሆነ የኪኒኑም ቃል የመጽሐፉ ነው አይደል? ልጄ አይደለችም የለመነችኝ።" እኔም "ረስቼዋለሁ እማማ፤ መጽሐፉም ተቃጠለ" እያልኩ አልፈዋለሁ። ለእሳቱ ውለታ አለብኝ ብል ግፍ እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ያን መልስ የሰጠኝ እሱ ነው።

የገዛሁትን መጽሐፍ እሑድ በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። ያኔ ያስለቀሰን የሐይቁ ልጅ ለካ አፉን የማይዘጋ ጎረምሳ ኖሯል። ልጅቷም ብትሆን ክፍሌ ውስጥ ብትቀመጥ የቤት ሥራ ሳትሠራ የምትመጣ ዓይነት ናት። አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በቀይ ብዕር ላርመው እጄን በላኝ። "በረደኝ" የሚለው ቦታ ስደርስ ግን ጽሑፉ ጠፋ፤ የእሷ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኪኒን የሚል ቃል ገጽ በገጽ ፈለግሁ። የለም። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ሰዎች በረዶ ላይ ውለው ጉንፋን እንኳ አይዛቸውም። የለመነችው ራሷ ነበረች።

ያኔም ቢሆን አውቀው ነበር፤ ቢሆንም የቃሉን አለመኖር በዓይን ማየት ሌላ ነው።

ዝም ማለት እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ የእናቷን ደኅንነት ስጠይቅ "መጽሐፉን አገኘሁት" የሚለው አመለጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። በሚኒባስ በደብረ ወርቅ አድርጌ ቢቸና ወረድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ "አመጣሽው?" አሉኝ። ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው። ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጸጉሯን ሲዳብሱ እንደማውቃቸው፣ ቀስ ብለው።

"ያችን ቦታ አንብቢልኝ። ኪኒን የሚለውን።"

ገለጥኩት። ገጹ ላይ በረዶ በጣሪያዎች ላይ ይወርዳል፤ ሌላ ምንም የለም። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ተጠንቅቄ በአማርኛ አነበብኩ።

"'ትለቃለህ?' አሉት። 'ኪኒኗን ስጧትና እሄዳለሁ' አላቸው።"

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "እንዲያ ነው የሚለው?"

"እንዲያ ነው የሚለው፣ እማማ።"

ትንፋሻቸው ረጅም ሆኖ ወጣ። ያበቃ መስሎኝ መጽሐፉን ልከድን ስል እጄን ያዙኝ።

"ከዚያስ? ሰጧት?"

ገጹን ገለጥኩ። በረዶው አሁንም ይወርዳል።

"ሰጧት። ዳነች።"

"እናትየዋ ናት የሰጠቻት?"

"እናትየዋ ናት።"

"ጎሽ" አሉ፤ እጄንም አልለቀቁትም። "ጎሽ፤ ደግ እናት አለቻት።"