ሦስተኛው የሟቹ ፊልም በመሐል ሜዳ

እንግሊዝኛን ማንም አላስተማረኝም። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዤ ለብቻዬ ነው የተማርሁት። በዚያ ዘመን በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ፊልም የሚተረጉም ሰው ሲፈለግ፣ ዲፕሎማ ያላቸው መምህራን እያሉ የሚጠራው እኔ ነበርሁ። ለምን እንደሆነ እነሱን መጠየቅ ነው።

ሲኒማ አሳዪው በበጋ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ይመጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮቶች በባና እንጋርዳለን። የመንዝ ባና ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነውና ቀትር ላይ እንኳ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ይሆናል። ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ይወጠራል፣ ውጭ የመብራቱ ሞተር ይንደቀደቃል፣ እኔ ዘንግ ይዤ አቡጀዲው አጠገብ ቆሜ እተረጉማለሁ።

የመጀመሪያው ፊልም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፊልም ነበር። አንድ ሀብታም ባለወፍጮ በወንድሙ እጅ ይገደልና በድብቅ ጓሮ ይቀበራል፤ ከዚያ እየተነሣ ሰው ያንቃል። ሕዝቡ “ለምን ይነሣል?” እያለ አፋጠጠኝ። ፊልሙ ምክንያቱን አልተናገረም፤ እኔ ተናገርሁ። “ፍትሐት ሳይደረግለት ስለተቀበረ ነዋ!” አልሁ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ “እህህ!” አለ። የፊልሙ ደራሲ ይህን ቢሰማ እጄን ይስም ነበር።

በዓመቱ የመጣው ሁለተኛው ክፍል ደከም ያለ ነው። ሟቹ ወንድሙን አንቆ ሲጨርስ ግን አንድ ቄስ ጸሎት አድርሶ፣ መስቀል ተክሎ ሟቹን መልሶ ቀበረው። “ይኸው ፍትሐቱን አገኘ፣ አለቀ” ብዬ አወጅሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። እዚያ ላይ መቆም ነበረበት።

ሦስተኛውን ይዞ ሲመጣ ሲኒማ አሳዪው፣ “ከሁሉም ይህ ይበልጣል” አለኝ።

“በምኑ?”

“ባለቀለም ነው።”

ያን ጊዜ ነው የናቅሁት።

ተጀመረ። መቃብሩ ታየ፣ መስቀሉም እንደተተከለ አለ። መብረቅ ወረደ፤ ሟቹ አፈሩን አራግፎ ተነሣ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለም። ፊቱም የሌላ ሰው ነው። የፊተኛው ረዥምና ከሲታ ነበር፤ ይህኛው ጉንጩ የሞላ፣ ከድግስ ቤት የመጣ እንጂ ከመቃብር የወጣ አይመስልም። ደሙ በውሃ የቀጠነ በርበሬ ነው። ሲያንቅ እጁ አንገት አይነካም። የሚያሳድዳት ሴትም የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቶላት ሳለ ወደ ምድር ቤት ትሮጣለች። ይህን የሠራ ሰው እኛን ምን አድርጎ ቢገምተን ነው?

የደብሩ ቄስ ከፊት ወንበር ሆነው፣ “አንተ፣ ይህ ሰውዬ ፍትሐት አግኝቷል አላልህም?” አሉኝ።

“ብያለሁ፣ አባ።”

“ታዲያ ምን ሊሠራ ተነሣ?”

“የፈረንጅ ቄስ ነዋ የፈታው! ግማሹን ዘሎት ይሆናል” አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

በሳቁ መሐል ከግድግዳው ሥር የጎረቤቴ ድምፅ ተሰማ። አረጋዊት ናቸው፤ የባለቤታቸውን ተዝካር ካወጡ ወር አልሞላቸውም። ልጆቻቸው ሐዘኑን ይርሱት ብለው ነበር ያመጧቸው።

“ልጄ፣ የእኔስ ሰውዬ?” አሉኝ። “ፍትሐቱም ተዝካሩም ተደርጎ መነሣት ካለ፣ እንግዲህ እኔ ምን ይዤ ልተኛ?”

ሳቁ ጸጥ አለ። ፊልሙን ከፍትሐት ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝና መልሱም ከእኔ ይጠበቃል፤ ቄሱ እንኳ ዞረው እኔኑ ያያሉ። ሄጄ ባናውን ከመስኮቱ ገፈፍሁት። የፀሐይ ብርሃን አዳራሹን ሞላው። ሟቹ አቡጀዲው ላይ እጁን እንደዘረጋ ነጣ፤ ከነቀለሙ ጠፋ።

“እትዬ፣ ይስሙኝ” አልሁ። “ይህን ሰው ያስነሣው መብረቅ አይደለም። የመጀመሪያውን ፊልም ሕዝብ ወደደው፤ ሰነፍ ደራሲ አዲስ ታሪክ መፍጠር ቢያቅተው የተቀበረውን ቆፍሮ አወጣ። ፍትሐቱ አልጎደለም፣ የጎደለው የደራሲው ጭንቅላት ነው። የእርስዎን ባለቤት ከተኙበት ቆፍሮ ማውጣት ማንን ይጠቅማል?”

“ማንንም” አሉ። “በቁሙም ለአጨዳ ቀስቅሶ ያስነሣው የለ።”

አዳራሹ ፈነዳ። ቄሱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሲኒማ አሳዪው እየተሳደበ ሞተሩን አጠፋ።

“ገደልኸኝ” አለኝ።

“እንደዚህኛው ሟች ከሆንህ ነገ ትነሣለህ” አልሁት።

ከአዳራሹ ስንወጣ ልጆቻቸው ክንዳቸውን ሊይዙ ሲሉ ጎረቤቴ “ተዉኝ” አሏቸው። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ባለው መንገድ፣ ባለቤታቸው በተኙበት ጎን፣ ብቻቸውን ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቆሜ አየኋቸው። ወደ መቃብሩ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አማተቡና መንገዳቸውን ቀጠሉ።