የላስታ እሺ

ላሊበላ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ድንጋይ ሳያስብ አይውልም። የእኛ ድንጋይ ቀይ ነው፤ ክረምት ውሃ ይጠጣል፣ በጋ ይደርቃል፣ ውሎ አድሮ ይላላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምር ሌላ ርዕስ አልታየኝም። ውሃው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እንዴት እንደሚገባና ድንጋዩን እንዴት እንደሚያደክመው በኮምፒውተር ማስላት ያዝኩ። ካህኑ አባቴ መዶሻ እንደማላነሳ ሲሰሙ እፎይ አሉ። ቤተ መቅደሱን የምገምሰው መስሏቸው ነበር።

አማካሪዬ የተከበረ ሰው ነው። ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ብሎ የምክር ፕሮግራም አቋቋመ፤ ከገጠር የመጣነውን፣ ይልቁንም ሴቶቹን፣ ሰብስቦ ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ አደረገ። "እዚህ አለቃ የለም። አንተ በሉኝ፤ የማትስማሙበትን ፊት ለፊት ንገሩኝ" አለን። ሊያግዘን የተጠራው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ተማሪ ወዲያው አንተ አለው። የእኔ ምላስ ግን ታሰረ። በጽሑፍ "እሱ" እያልኩ የምበቀለው ገና ዛሬ ነው።

እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ ይባላል። እሺ ይበልጣል ከሺ እየተባልን ነው ያደግነው። ተስማማሁ ማለት ግን አይደለም፤ ሰማሁ፣ አከበርኩ ማለት ነው። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ ደግሞ ይጠይቃል፤ "ከልብሽ ነው?" ይላል። እውነተኛው መልስ የሚወጣው ያኔ ነው። አሁንም ካልሆነ ሽማግሌ ይላካል።

ስሌቱ ያለቀ ሰሞን አማካሪዬ ቢሮው ጠራኝ። ስንት ጊዜ ተበላሽቶብኝ፣ ስንት ጊዜ አልቅሼ የጨረስኩት ሥራ ነው።

"ይህን ለመጽሔት እንልከዋለን" አለኝ። "ጽሑፉን የአዲስ አበባው ልጅ ያዘጋጀው፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። በእኔና በእሱ ስም ይውጣ፤ አንቺን ምስጋናው ላይ እናነሳሻለን። ይስማማሻል?"

"እሺ፣ ዶክተር" አልኩ። ደግሞ እስኪጠይቀኝ ቆሜ ጠበቅኩ። እሱ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ።

የማውቀው አንድ መንገድ ቀረኝ፤ ሽማግሌ ላክሁበት። በትምህርት ክፍላችን ያሉ አንዲት አንጋፋ መምህርት እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አንስተውኝ፣ "ለጽሑፍ ሽማግሌ ሲላክ ዛሬ ገና አየሁ" እያሉ ሄዱልኝ። ሲመለሱ ግን አልሳቁም።

"በነፃነት ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች ይላል" አሉኝ። "እኛ እኮ የሴቶችን ድምፅ እናከብራለን አለኝ፣ ልጄ።"

ቢዘርፈኝ ጮኼ እከሰው ነበር፤ በገዛ አፍሽ ፈቅደሻል የሚለኝን ሰው ምን ልበለው? ጽሑፉ ወጣ። የእኔ ስም መጨረሻው ላይ፣ ኮምፒውተሩን ከጠገነው ሰውዬ ቀጥሎ ተቀምጧል። ሰውዬው መጠገኑን አልነፍገውም።

ባለፈው በጋ አማካሪዬ እንግዶች ይዞ ላሊበላ መጣ። እኔም አገር ቤት ስለነበርኩ እንዳገኛቸው ደወለልኝ። እሺ አልኩ፤ ምን እላለሁ። የኔን ስሌት በታብሌቱ እያሳየ ድንጋዩ የት የት እንደሚላላ ለእንግዶቹ ያስረዳል፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። አባቴ የልጅዎ መምህር መጥቷል ሲባሉ ጋቢያቸውን አስተካክለው መጡና፣ በዕድሜ ልጃቸው ለሚሆነው ሰው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

"ውለታዎን እግዜር ይክፈል፣ ጌታዬ" አሉት። "ልጃችንን ሰው አደረጉልን።"

እሱም ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ "ልጅዎ በጣም ታዛዥ ናት፣ አባታችን" አለ።

አባቴ ከተማረ ሰው አፍ ስለ እኔ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምተው አያውቁም። ዞር ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው በእንባ ተሞልቷል፣ ከደስታ ብዛት።