ሦስት ቴሌስኮፖችና ያላየሁት ክንድ

ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከካዛንቺስ ተነሣሁ። የሚያስኬደኝ ጉዳይ አንድ ጠመዝማዛ ጋላክሲ በዓይኔ አይቼ መሣል ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት የጨረስኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። አሁን እንደኔ ዘግይተው ለጀመሩ ሴቶች ሰኞ ሰኞ ሳይንስ አስነብባለሁ። አንዷ ባለፈው፣ “መጽሐፉ የሚለውንማ ሰማን፤ አንቺ ያየሽውን አምጪልን” አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

ደምበል፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት

ጋሽ ታደሰ መኪናቸውን አቁመው ጠበቁኝ። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው፤ ቴሌስኮፖቹም የእሳቸው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ሄለን ከኋላ በዕቃው መሀል ተጣጥፋለች።

“እትዬ፣ እኔ ዛሬ ሻንጣ ነኝ በቃ” አለችኝ።

“እዚሁ ቂርቆስ፣ ፎቅ ላይ ሆነን ብናይስ?” አልኩ።

“በዚህ ሁሉ የመንገድ መብራት? ጨረቃን ካገኘሽ ተመስገን በይ” አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

ከሱሉልታ ወዲያ

ሱሉልታ ላይ እርጎ በዳቦ በላን፤ ብርጭቆው ሰማንያ ብር። ከዚያ በኮረኮንች መንገድ አንድ ማሳ ዳር ደረስን። የጋሽ ታደሰ የቆዩ ወዳጅ የሆኑት ባለማሳ ዕቃው ሲወርድ ቆመው አዩ።

“ስንት ኮከብ ልትቆጥሩ ነው?”

“አንድ ነገር ብቻ ነው የምናየው” አሏቸው ጋሽ ታደሰ።

“ለአንድ ነገር ይሄ ሁሉ ብረት!”

ማታ ሁለት ሰዓት

የጋሽ ታደሰ ሕግ አንድ ነው፦ ሥሎ ሳይጨርስ ማንም አይናገርም። አፉ ከሻይ ብርጭቆ ከማይሰፋው ከትንሹ ቴሌስኮፕ ጀመርን። የተጎራበቱ ሁለት የጉም ነጥቦች አየሁ፤ አንዱ የመጣንለት ጋላክሲ፣ ሌላው ጎረቤቱ። ትንሽ ስቆይ ደግሞ የጋላክሲው ሁለት ጠመዝማዛ ክንዶች ብቅ አሉ መሰለኝ። ሣልኳቸው።

ጋሽ ታደሰ ወረቀቴን በቀይ የእጅ ባትሪ አዩና፣ “የዚህኛው ማያ ላይ መስታወት አለ፤ ግራን ቀኝ ያደርጋል። ክንዶቹን ብታዪ ኖሮ ተገልብጠው ትስያቸው ነበር። ያንቺ ልክ እንደ መጽሐፉ ነው” አሉኝ።

“እትዬ ኮረጁ!” ሄለን በሣቅ ሞተች።

ጨለማ መሆኑ በጀኝ እንጂ ፊቴ ነደደ። ሰኞ ይህንን ይዤ፣ “አየሁ” ልላቸው ነበር!

አፉ ሳህን በሚያህለው መካከለኛው የሁለቱም ጉሞች እምብርት ደመቀ፤ ሌላ የለም። ያንኑ ብቻ ሣልኩ። ወደ ትልቁ፣ ትሪ ወደሚያህለው፣ ስደርስ ቶሎ ለመሣል አልደፈርኩም። ጋሽ ታደሰ ደብዛዛ ነገር እንዲህ ይታያል ብለው እንዳስተማሩኝ፣ በቀጥታ ሳይሆን ከጎኑ አየሁ። ብዙ ቆይቶ አንድ ክንድ ብልጭ አለ፤ ጠፋ፤ ደግሞ መጣ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። አንዱን ብቻ ሣልኩ።

ጋሽ ታደሰ አዩት። “ይሄንን አይተሻል” አሉ።

ካዛንቺስ፣ ማታ አምስት ሰዓት

ቤቴ ገብቼ ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። አስቤ አልዋሸሁም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ያነበብኩት ቀድሞኝ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ኖሯል። የመጀመሪያውን ወረቀት ልቀደው አነሣሁ። ከዚያ ግርጌው ላይ “ይህን አላየሁም” ብዬ ጻፍኩና ከሌሎቹ በላይ አደረግሁት። ሰኞ ከእሱ እጀምራለሁ።