የአንድ ሰዓት መንገድ

እንደ እኔ አውሮፕላን የሚራገም ፀጉር አስተካካይ ያለ አይመስለኝም። ተሳፍሬበት አላውቅም፤ የምራገመው በጎረቤቴ በጋሽ መርፌ ምክንያት ነው።

ጋሽ መርፌ ልብስ ሰፊ ነው። ቤቱንና የእኔን ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ የስፌት መኪናው ሲንቀጠቀጥ የእኔም መስታወት አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ያለችው አንዲት ልጁ ናት፤ እሷም የምትሠራው ሌላ ከተማ ነው። ድሮ በአውቶቡስ ነበር የምትመጣው። መንገዱ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ድክም ብላ ትደርስና ሳምንት ሰንብታ ትሄዳለች። ያን ሳምንት በግድግዳው በኩል ሳቅ ይሰማል፤ እኔም ሳቁ ተጋብቶብኝ የደንበኛ ጆሮ እንዳልቆርጥ እጠነቀቃለሁ።

ከዚያ በረራ ተጀመረ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት! ጋሽ መርፌ ፈነደቀ። «አሁንማ ልጄ ጎረቤቴ ሆነች» አለኝ። እውነትም ሆነችለት፤ ጠዋት መጥታ ማታ መመለስ ጀመረች። «አባዬ፣ አንድ ሰዓት እኮ ነው፣ ብቅ እላለሁ» ትለዋለች ሰዓቷን እያየች። ቅርብ ያለ ጸበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ! እሱ ግን ሁሌም አልጋዋን አንጥፎ ነው የሚጠብቃት። አንድ ሌሊት እቤቱ እንድታድርለት ብቻ ነበር የሚመኘው።

«ለምን እደሪ አትላትም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ተወኝ ባክህ፣ ሥራ አላት» አለኝ።

ባለፈው ክረምት ካፖርት ጀመረላት። ይህ ሰውዬ የልብሱ ባለቤት ሳይለካው ጠርዙን አይዘጋም፣ ለሚኒስትርም ቢሆን። የዚህኛው ግን ብልሃትም ነበረበት፤ ከለካች በኋላ የቀረውን እስክጨርስ ማደሯ አይቀርም ብሎ ነው። መጣች፣ ለካችው፣ ልክክ አለላት።

«ለነገ ጠዋት አደርስልሻለሁ» አላት።

«በሚቀጥለው እወስደዋለሁ፣ አባዬ» ብላ ግንባሩን ስማው ወጣች። እኔ ንድድ አልኩ።

አመሻሹ ላይ ጉም ከተማውን ዋጠው። ጋሽ መርፌ ሱቄን በርግዶ ገባ፤ ስልኩ እጁ ላይ ነው።

«በረራው ለነገ ተላለፈ! ልጄ ልታድር ነው!»

ትራሷን አራገፈ፣ ምድጃ ለኮሰ፣ የስፌት መኪናው ላይ ቁጭ አለ። የመስታወቴ መንቀጥቀጥ እንደዚያ ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠርዙን ዘግቶ ሲጨርስ «ና እስቲ እየው» ብሎ ጠራኝ። ካውያ እያሳረፈበት ሳለ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አባዬ፣ እንዳትጠብቀኝ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሆቴል ሰጥተውናል። በማለዳ ስለምንነሳ እዚሁ ይሻለኛል።»

«ጥሩ ነው ልጄ። ብርድ ልብስ ደርቢ፣ ደህና እደሪ» አላት።

ሆቴሉ ከእኛ ሰፈር በታክሲ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ስልኩን ነጥቄ ልሰድባት ምንም አልቀረኝም። ግን ፊቱን ሳየው ተውኩትና ወጣሁ።

ጠዋት አውሮፕላኑ በጣሪያችን ላይ እየጮኸ አለፈ። ዳቦ ይዤ ልጠይቀው ገባሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ጋሽ መርፌ ካፖርቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ያን የመሰለ የጠርዝ ስፌት በምላጭ ይተረትራል።

«ምነው ጋሼ! አበድክ እንዴ? አልቆ የለም?»

«ካለቀማ በሰው ላክልኝ ትለኛለች» አለኝ ቀና ሳይል። «ካላለቀ ግን እንደገና ልትለካው ትመጣለች።»