ጉዮ «አለ» ወይስ «ነበረ»

ነገሌ ላይ ልጅ ሳለሁ፣ ፀሐይ ወደ ሊበን ሜዳ ስታዘቀዝቅና ከወታደሮቹ ሰፈር የማታው ጡሩምባ ሲሰማ፣ እኔና ታናናሾቼ የያዝነውን ጥለን ወደ ጓሮ እንሮጥ ነበር። ያኔ የአባቴ ታላቅ እህት የወተት ጮጮዎቻቸውን የሚያጥኑበት ሰዓት ነው። እኛ እንደ ሀገሩ ልማድ አክስታችንን አዳዳ ሎኮ እንላቸዋለን። ፍም ከምድጃው በቁራጭ ገል አንሥተው ጮጮው ውስጥ ይጨምሩና ከድነው ይነቀንቁታል፤ ሲከፍቱት የሚወጣው ጭስ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ግን ሽታው የነገ ወተት ሽታ ስለሆነ ማንም ወደ ኋላ አይልም። ሥራቸውን ሲጨርሱ በቀረው ፍም ዙሪያ ተቀምጠን ተረት እንጠብቃለን።

ተረታቸው በኦሮምኛ ነበር፤ አማርኛም ጣል ያደርጉበታል። ጅቡ ሲናገር ድምፃቸው ይወፍራል፣ ጥንቸሏ ስትናገር ይቀጥናል። አባቴ የጨርቅ ሱቁን ዘግቶ ፋኖሱን እያንጠለጠለ ሲገባ አጠገባችን ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ ያዳምጣቸው ነበር።

የመጨረሻው ተረት ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ተረትም አልነበረም። አዳዳ ሎኮ ወደኛ ቤት የመጡት ከአሬሮ ነው። ባላቸው ሞተው፣ ድርቅ ከብቶቻቸውን ጨርሶ፣ የቀሩትን ጥቂት ላሞች አንድ ልጃቸው ጉዮ ሣር ፍለጋ ወደ ደቡብ፣ ከድንበሩ ማዶ ነድቷቸው ሄደ። እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም። እሳቸው ግን በየምሽቱ ወጉን በእሱ ይዘጉታል፤ ጉዮ ሄደ፣ ምድረ በዳውን አቋረጠ፣ ውኃ አገኘ፣ «ጅራ» ይላሉ። አለ፣ በሕይወት አለ ማለታቸው ነው። እሳቸው «ጅራ» ሲሉ አባቴ ፋኖሱን ቀና ቀና ማድረግ ይጀምራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ አቶ ታደለ የሚባሉ ወጣት እንግሊዝኛ አስተማሪ መጡልን። ከእሳቸው በፊት ሰዋስው ማለት ለእኔ በቃል የሚወጣ የግሥ ዝርዝር ብቻ ነበር። እሳቸው ናውኑንና ቨርቡን በፍጥነት አሻገሩንና ወደ ታሪክ ወሰዱን። ታሪክ ካራክተር አለው፣ ሴቲንግ አለው፣ ፕሎት አለው አሉን። እኔ እነዚህን ቃላት ተሸክሜ ማታ ወደ ፍሙ ዳር መጣሁ።

«አዳዳ፣ የዛሬው ተረት ዋና ካራክተር ማነው?» አልኳቸው፤ ምን ማለት እንደሆነም አስረዳኋቸው።

«ጅቡ ነዋ» አሉ፣ ሳያቅማሙ። «ሁልጊዜ የሚሞኘው እሱ አይደል? ያለ እሱ ምኑን እንስቃለን?»

ከዚያ ወዲያ ተረት በጨረሱ ቁጥር ካራክተሩን ይነግሩኛል፤ ሴቲንግ የሚለውን ቃል ግን «ሳቲን» እያሉ ከአባቴ ሱቅ ጨርቅ ጋር ስለሚቀላቅሉት አባቴ ይስቅ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ታደለ የምታውቁትን አንድ ታሪክ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አምጡ አሉን። «ተረት ያለፈ ነገር ነው፤ ስለዚህ ግሡም ያለፈ ይሁን» ብለው አስጠነቀቁን። እኔ ጅቡን ትቼ ጉዮን ጻፍኩ። ሄደ፣ አቋረጠ፣ አገኘ፤ ሁሉንም እንደታዘዝኩት በፓስት ቴንስ አደረግሁት። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ አክስቴ እንደሚሉት «ኢዝ» ብዬ ጨረስኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ያቺ ቃል በቀይ ተሰርዛ ከላይዋ «ወዝ» ተጽፎባታል።

በእረፍት ሰዓት ወደ አስተማሪዬ ሄድኩ። «ቲቸር፣ ወዝ ካልኩኝ ልጁ ሞተ ማለት ነው?»

«የግድ አይደለም። ግን ሌላው ግሥ ሁሉ ካለፈ ይቺ ብቻዋን ለምን ትቀራለች?»

«አክስቴ አለ ነው የሚሉት። ልጃቸው ነው።»

አቶ ታደለ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት። «እውነተኛ ሰው መሆኑን አላወቅሁም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የማውቀው ሰዋስውን ነው። ልጁን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጠይቂያቸውና እንዳሉሽ ጻፊ።»

መጠየቁ ግን ቀላል አልነበረም። ወረቀቱን መጽሐፌ ውስጥ አድርጌ ብዙ ምሽት ፍሙ ዳር ተቀመጥኩ፣ ሳልናገርም ተነሣሁ። ዝምታዬ ያልገባቸው እሳቸው ናቸው የጀመሩት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ካራክተሩን መጠየቅ ተውሽ።»

ወረቀቱን አውጥቼ በፋኖሱ ብርሃን አነበብኩላቸው። ከእንግሊዝኛው አንድም ቃል አያውቁም፤ የጉዮን ስም ሲሰሙ ግን ጮጮውን ከጭናቸው አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡት። ቀዩን ምልክት አሳየኋቸው።

«እንግሊዝኛ አለ ወይም ነበረ ሳይል አያልፍም» አልኩ። «የትኛውን ልጻፍ?»

«የኛስ ቋንቋ መች ያልፋል» አሉ ቀስ ብለው። «ጅራና ቱሬ፣ አለና ነበረ፣ አንድ አይደሉም። ሳልለያቸው የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ተነሥተው ገቡ። በማግስቱ ማታ ጮጮ አልታጠነም፤ በሦስተኛውም። አባቴ የሆነውን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን ብለሽ ነው እንዲህ ያለ ነገር የጠየቅሻቸው?» ብሎ ሊቆጣኝ ሲጀምር አዳዳ ሎኮ ከበሩ ላይ ቆመው ሰሙት።

«ተዋት» አሉት። «ስንት ዓመት ሙሉ ማን ጠየቀኝ? እኔ የሰማኸውን ንገረኝ ብዬህ አላውቅም፣ አንተም ልንገርዎት አላልከኝም። አሁን ንገረኝ።»

አባቴ መሬት መሬት እያየ ነገራቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ከሞያሌ በኩል የመጡ ከብት ነጋዴዎች ጉዮና አብረውት የሄዱት ልጆች በውኃ ጥም ማለቃቸውን አውርተውለት ኖሯል። ሊነግራቸው ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ «ጅራ» ሲሉ ግን አንደበቱ ይያዛል። ይህን ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሳቸው ናቸው ራሱን ይዘው ያባበሉት።

«ለጉዮ ዱዓ አስደርግለት» አሉት።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ግቢያችን ሞላ። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ጎረቤት መጣ፣ ከአሬሮም በጭነት መኪና የደረሱ ዘመዶች ነበሩ። አቶ ታደለ ዘግይተው ገብተው፣ የለመዱትን ጥቂት ኦሮምኛ አስታውሰው «ነጋ» ብለው ሰላምታ ሰጡና ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሲበተን አዳዳ ሎኮ ጠሩኝ።

«አሁን ጻፊው» አሉ። «ጉዮ ቱሬ በይ።»

ፊታቸው ተቀምጬ ጻፍኩት። 

ያኔ ከተማርኩት እንግሊዝኛ ብዙው ዛሬ ጠፍቶኛል። የግሦቹ ዝርዝር የለም፤ ፕሎትንና ሌሎቹን ቃላት ለልጅ ልጆቼ ላስረዳ ስል እኔው እደናበራለሁ። የቀረልኝ ከዱዓው በኋላ የመጡት ምሽቶች ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጉዮ ለእኛ የሚሄድ ልጅ ብቻ ነበር፣ መልክ እንኳ አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ ግን አዳዳ ሎኮ ከፍሙ ዳር ተቀምጠው ስለ እሱ ማውራት ጀመሩ፤ ሲናደድ ይንተባተብ እንደነበር፣ ግዙፍ በሬ ሳይፈራ አህያ ይፈራ እንደነበር፣ ጥጆችን ሊያስተኛ ሲዘፍንላቸው ከድምፁ ክፋት የተነሣ የተኙትም ይነሡ እንደነበር። እሳቸው እያወሩ ይስቃሉ፣ አባቴም ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን። ስሙን ከተወለድኩ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ፣ የአክስቴን ልጅ ያወቅሁት ያኔ ነው።